ነርቩ ይጮኻል፣ ልብ አይሰማም

ስለ እናቴ የልብ መድኃኒት ኢንተርኔት ላይ የተወያየንበትን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ከለቅሶ ቤት ተመልሼ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የጻፍኩት ነው። በአራት ቀን ውስጥ 26 መልስ መጣ። ሰዉ መጨረሻውን ብቻ እያየ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚጠይቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች የተባለውን በራሴ ቃል ልናገር።

ጥያቄዬ እንዲህ ነበር። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ቶንሲል እየተመላለሰባት፣ ጣጣው ልቧ ላይ ወርዶ አንዱ የልብ በር ጠቧል። ምቷም ሥርዓት የለውም፤ ሐኪሞቹ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ማታ ማታ ከእራት በኋላ 50 ሚሊግራም አቴኖሎል ትወስዳለች። ዲጎክሲን የሚባል ሌላ የልብ መድኃኒትና ደም ማቅጠኛም አላት። ባለፈው ሳምንት የአጎቴ መርዶ መጣ። እንደ ወጉ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። እኔ ቀድሜ ሰምቼ ስለነበር፣ ልቧን ፈርቼ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ስትሰማ ጮኸች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። እጇ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ የነጠላዋ ዘርፍ ይርገበገብ ነበር። አንጓዋን ይዤ ትርታዋን ቆጠርኩ። 76። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። 80 አልሞላም። የእኔ ልብ ከደረቴ ሊወጣ ደርሷል፤ የእሷ ግን እንደ ወትሮው ነው። አንዲት ጎረቤታችን ይህን ስትሰማ፣ ልብን ኀዘን የሚነሳ መድኃኒት ደግሞ ምን ዓይነት ነው ብላ አማተበች። ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መድኃኒቱ የእናቴን ነርቭ ገድሎት ይሆን? ቢቆምስ ነርቩ ይመለሳል? ይህንን ነው የጠየቅኩት።

መልስ 1 እና 2 ነፍስ ይማር ብለው፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብለው ነው የጀመሩት። ሁለተኛው ራሱም ያንኑ ኪኒን ከጀመረ ስድስት ዓመት እንደሆነው፣ ምንም እንዳልሆነ ጨመረ። አመሰግናለሁ።

ክሩን ያቆመው መልስ 3 ነው። አራት ኪሎ አካባቢ የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። ነርቩ አልሞተም አለች። እንደ ጻፈችው፣ ሲምፓቴቲክ የሚባለው ነርቭ ከአከርካሪው የደረት ክፍል ተነስቶ ልብ ላይ ያልቃል። ስንደነግጥ ጫፉ ኖርአድሬናሊን ይለቃል። ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ደግሞ አድሬናሊን ወደ ደም ታፈሳለች። ሁለቱም ልብ ላይ ቤታ አንድ የሚባል ሪሴፕተር፣ ማለትም መልእክት ተቀባይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ልብም ይፈጥናል። አቴኖሎል የሚያደርገው ያንን ቦታ ቀድሞ መያዝ ነው። ያ ሌሊት የእናቴ ነርቭ ሥራውን ሠርቷል። ኖርአድሬናሊኑም ተለቋል። መልእክቱ ልብ ደጃፍ ደርሶ የሚቀበለው አጣ። ሪሴፕተሩን የልብ ጆሮ ብላ ጠራችው፤ ከዚያ በኋላ ክሩ ሁሉ በዚህ ቃል ነው የቀጠለው። እኔ ይህን ሳነብ ትንፋሼ ነው የተመለሰው። ነርቩ እየጮኸ ነው፤ ልቡ ጆሮው ተደፍኖ ነው።

መልስ 4 አልተስማማም። መድኃኒቱ አእምሮን የሚያደነዝዝ ማስታገሻ ነው፣ ስለዚህ ነው እናትህ ያልደነገጠችው አለኝ። አክብሮት ያለው ሰው ነው፣ ግን ተሳስቷል። እናቴ ጮኻለች፣ አልቅሳለች፣ አልደነዘዘችም። መልስ 5 ላይ የሆስፒታል ነርስ የሆነ ሰው ቀስ አድርጎ አረመው። አቴኖሎል ውኃ የሚወድ መድኃኒት ስለሆነ ወደ አንጎል እምብዛም አይገባም። የዚሁ ወገን የሆነው ፕሮፕራኖሎል ግን ስብ ይወዳል፣ አንጎል ይገባል፤ አንዳንዱ ሰው በእሱ ምክንያት ቅዠት የሚበዛበት ለዚህ ነው።

ይኸው ነርስ የላቡንና የመንቀጥቀጡን ነገርም ፈታልኝ። ይህን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የላብ ዕጢን የሚያዘው ነርቭ ሲምፓቴቲክ ቢሆንም፣ ጫፉ ላይ የሚለቀው ኖርአድሬናሊን ሳይሆን አሴቲልኮሊን ነው። ቤታ ብሎከር፣ ማለትም እንደ አቴኖሎል ቤታን የሚዘጋ መድኃኒት፣ አይነካውም። ስለዚህ ላቡ መጣ። የእጅ መንቀጥቀጥ ደግሞ የሚመጣው ጡንቻ ላይ ባለው ቤታ ሁለት ነው፤ አቴኖሎል በዚህ መጠን ይበልጥ የሚይዘው የልቡን ቤታ አንድ ነው። ስለዚህ እጇ ተንቀጠቀጠ። የአንዲት ሴት አንድ ድንጋጤ በሦስት መንገድ ወጥቶ፣ ሁለቱ ክፍት ሆነው አንዱ ብቻ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። እኔ ነጠላዋ ሲርገበገብ እያየሁ ነርቧ ሞቷል ብዬ መፍራቴ አሁን ይገርመኛል።

ከዚያ መልስ 6 መጣ። ይኼኛው ቆጣ ያለ ነው። ለ15 ሰከንድ ቆጥሬ በአራት አባዝቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ፣ እንደዚያ ነበር ያደረግኩት። ምቱ ሥርዓት ያጣ ሰው በ15 ሰከንድ አይቆጠርም፣ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው አለ። በዚያ ላይ በዚህ ሕመም አንዳንዱ ምት ደካማ ስለሆነ አንጓ ድረስ አይደርስም። ልብ 100 ጊዜ መትቶ አንጓ ላይ 80 ሊሰማ ይችላል። በማዳመጫ ደረት ላይ ሳይቆጥሩ የሰው ሐሳብ ማወክ ነውር ነው ብሎ ጨረሰ። ንግግሩ ጎመዘዘኝ። እውነት ግን እውነት ነው። መልስ 7 የእኔ ነው፤ ስህተቴን ተቀብዬ፣ ማዳመጫ ፈልጌ ዳግም እቆጥራለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

መልስ 8 አራት ኪሎ ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ነው። ጉጉቱ ደስ ይላል። ነርቭ ከልብ ጋር በኬሚካል እንደሚነጋገር እንዴት ታወቀ የሚለውን ተረከልን። ኦቶ ሎዊ የሚባል ሰው ሁለት የእንቁራሪት ልብ ወሰደ። የአንደኛውን ቬገስ ነርቭ በኤሌክትሪክ ነክቶ ምቱን አዘገየ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ሁለተኛው ላይ አፈሰሰ። ሁለተኛውም ነርቩ ሳይነካ ዘገየ። የሚያፈጥነውን ነርቭ ሲነካም እንዲሁ፤ ፈሳሹን የተቀበለው ልብ ፈጠነ። ይህን በፈረንጆች 1921 አሳተመ፣ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። በ1948 ሬይመንድ አልኲስት ሪሴፕተሮቹን አልፋና ቤታ ብሎ ለያቸው። በ1960ዎቹ ጄምስ ብላክ ቤታን የሚዘጋ ነገር ፈልጎ ፕሮፕራኖሎልን አመጣ፣ ኖቤሉ በ1988 ደረሰው። የእናቴ ኪኒን የዚያ ልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

መልስ 9 አጭር ናት፣ ግን ብዙ ሰው ሳያያት አልፏታል። ስኳር ያለባት ሴት ናት የጻፈችው። ቤታ ብሎከር ከጀመረች ወዲህ ስኳሯ ሲወርድ ልቧ ድው ድው ማለቱን ትቷል። ድሮ በእሱ ነበር የምታውቀው። አሁን የቀራት ምልክት ላብ ነው። ምክንያቱ መልስ 5 ላይ አለ። ቤታችሁ ሁለቱን መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ሰው ካለ ንገሩት።

መልስ 10 ፒያሳ ሥር ያደጉ አባት ናቸው፣ በአንቱታ ልጥራቸው። እንደ እናቴ ዓይነት ሕመም አለባቸው። መጀመሪያ የተሰጣቸው ዲጎክሲን ብቻ ነበር። ቤት ተቀምጠው ሲለኩ ምታቸው 70 እና 75 ነው፣ ጥሩ ነው። ሰባ ደረጃ የሚባለውን የፒያሳ መወጣጫ ሲወጡ ግን እኩሌታው ላይ ልባቸው ይፈነዳ ይመስል ነበር። ደረጃው ዳር ተቀምጠው የሚያርፉበትን ድንጋይ ሳይቀር ነግረውናል። ሐኪማቸው ተቀምጦ የተለካውን ቁጥር እያየ መድኃኒቱ ሠርቷል ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ደረጃውን ያስባሉ።

ፋርማሲስቷ መልስ 11 ላይ ተመለሰች። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ልብ ሁለት አዛዥ አለው፤ ሲምፓቴቲክ ያፋጥናል፣ ቬገስ ያዘገያል። ዲጎክሲን የሲምፓቴቲክን ጆሮ አይደፍንም። በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ባለችው መተላለፊያ ላይ የቬገስን ድምፅ ነው የሚያጎላው። ሰው ተቀምጦ ሲውል ቬገስ ስለሚበረታ ዲጎክሲን ይሠራል። ደረጃ ሲወጣ ግን ቬገስ ያፈገፍጋል፣ ሲምፓቴቲክ ይገባል። ያኔ ዲጎክሲን የሚያግዘው አጋር ያጣል። እዚህ ላይ ነው ቤታ ብሎከር የሚጨመረው። እናቴ ሁለት ኪኒን ለምን እንደምትወስድ በአራት ዓመት ውስጥ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህን ለማወቅ የሰባ ደረጃ ድንጋይ አስፈለገኝ።

እዚያው ላይ የጠበበው የልብ በር ጉዳይ ተነሳ። በሩ ጠባብ ከሆነ ደም ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ልብ ከቸኮለ ጊዜው ያጥራል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ሰውየው ይታፈናል። ማዘግየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያቺ ጎረቤታችን ኀዘን የሚነሳ ያለችው መድኃኒት ያን ሌሊት እናቴን ከመታፈን ጠብቋት ይሆናል።

መልስ 12 እና 13 ከመንገድ ወጡ። አንዱ ሰባ ደረጃ ድሮ እንዴት እንደነበር፣ ሌላው ፒያሳ ሲፈርስ የት እንደሄደና ኪኒን የሚገዛበት ፋርማሲ አሁን ስንት ታክሲ እንደራቀው ጻፈ። ሆድ ያባባል። መከልከል አልፈለግኩም።

መልስ 14 ላይ ግን ነገሩ ከረረ። አንድ ወጣት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲሄድ ከጓደኛው አንድ ፕሮፕራኖሎል ተቀብሎ እንደሚውጥ፣ እጁም ድምፁም እንደማይንቀጠቀጥ በኩራት ጻፈ። ሁሉም ይሞክረው አለ። መልስ 15 ያቺው ስኳር ያለባት ሴት ናት፤ ኪኒን ሲጋራ አይደለም፣ ከሰው ኪስ አይለመንም ብላ አንባረቀችበት። መልስ 16 ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የእህቱን ነገር አወጋን። አስም አለባት። ለመድረክ ንግግር እንዲሁ ከሰው ተቀብላ ዋጠች። ፕሮፕራኖሎል ቤታ አንድንና ሁለትን አይለይም። የሳንባ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዘው ቤታ ሁለት ነው። እሱ ሲዘጋ ደረቷ ይፉጭ ጀመር፤ የምትስበው የአስም መድኃኒት ሳልቡታሞልም የሚሠራው በዚያው በቤታ ሁለት ስለሆነ እንደ ወትሮው ሊያግዛት አልቻለም። በሩ ተይዟል። ሌሊቱን ኦክስጅን ላይ አደረች። ወጣቱ ከዚያ በኋላ አልጻፈም። እንዳነበበው ግን ተስፋ አደርጋለሁ። መልስ 17 የኢላማ ተኩስ ስፖርተኞች ይህን መድኃኒት እንዳይወስዱ መከልከላቸውን፣ በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ አንድ የሰሜን ኮሪያ ተኳሽ በፕሮፕራኖሎል ምክንያት ሁለት ሜዳሊያ መነጠቁን ጠቀሰ። ይህም እውነት ነው።

መልስ 18 ላይ ትንሽ ልቆይ። ጠበል የገቡ አክስቷን ነገር የጻፈች ልጅ ናት። አክስቷ ከሁሉ ነገር ልራቅ ብለው ኪኒናቸውንም ትተው ሄዱ። በአራተኛው ቀን ልባቸው እንደ ከበሮ እየመታ፣ ደረታቸውን ይዘው በሰው ትከሻ ወጡ። ልጅቷ የጠየቀችው፣ ኪኒኑ ሱስ ያስይዛል ወይ ብላ ነው። ነርሱ መልስ 19 ላይ መለሰላት። ሱስ አይደለም። ልብ ለወራት ጆሮው ሲደፈንበት፣ መስማት ስለፈለገ ተጨማሪ ጆሮ ያበቅላል። ሪሴፕተሩ ይበዛል። ነርቩ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ መጮኹን አላቆመም። ኪኒኑ ባንድ ጊዜ ሲቆም የድሮውም አዲሱም ጆሮ እኩል ይከፈታል፣ ጩኸቱም ባንድ ጊዜ ይገባል። የልብ ደም ሥራቸው የጠበበ ሰዎች እስከ ሀርት አታክና ሞት የሚደርሱት በዚህ ነው። መቆም ካለበት ሐኪም እያየው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ይህ መልስ ለእኔ የተጻፈ ያህል ነው። ማክሰኞ ማታ ቢቆምስ ብዬ ስጽፍ፣ የእናቴን የኪኒን ፓኬት ከኮሞዲኖው አንስቼ ኪሴ ከትቼው ነበር። አንድ ሌሊት አልፏታል። መልስ 3ን ሳነብ ነው በማግስቱ የመለስኩላት። ያን ጊዜ ምን ያህል ጠርዝ ላይ እንደነበርን የገባኝ ግን 19 ላይ ነው።

በጠበሉ ጉዳይ አንድ ሰው ሊሳደብ ሞክሮ ነበር። መልስ 20 የአንድ ዲያቆን ነው፤ በእርጋታ መለሰ። ጠበሉ ኪኒን ጣሉ እንደማይል፣ እሱ ራሱ የሚያገለግልበት ቦታ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ይዘው እንዲመጡ እንደሚመክር፣ ጾም ላይ ያለ ሕመምተኛም ሰዓቱን ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር መነጋገር እንደሚችል ጻፈ። ስድቡ እዚያው ቆመ።

መልስ 21 ጫት የሚቅም ሰው ነው፣ ሳይደብቅ ጠየቀ። ፋርማሲስቷ በ22 ፊት ለፊት ነገረችው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ነርቩ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ኖርአድሬናሊን አስገድዶ ያስወጣል። ልብ በኪኒን ተደፍኖ ስለማይፈጥን ሰውየው ደህና የሆነ ይመስለዋል። የደም ሥሮች ግን የሚሰሙት በሌላ ጆሮ፣ በአልፋ ነው። እሱ ክፍት ነው። ግፊት ሊወጣ ይችላል። ቡናንስ ብዬ እኔ ጣልቃ ገባሁ፣ እናቴ ሦስተኛውን ሳትጠጣ ስለማትነሳ። በልክ ከሆነና ልቧ ካልተረበሸ አትከልክላት አለችኝ። ያን ቀን ሁለታችንም ደስ አለን።

መልስ 23ን የጻፈው እናቱ አንገታቸው ላይ እንቅርት እየወጣባቸው ያለ ልጅ ነው። እናቱ የልብ ምት የሚያስተካክለውን አሚዮዳሮን ይወስዳሉ። አሚዮዳሮን የልብን የኤሌክትሪክ መውጫዎች ይዘጋል፣ በዚያ ላይ የሲምፓቴቲክን ጥሪ ያደክማል። አንዱ 200 ሚሊግራም ኪኒን ግን 75 ሚሊግራም ያህል አዮዲን አለው፤ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ይረበሻል፣ ወይ ይተኛል ወይ ያብዳል። ካበደ ደግሞ ልብ መልሶ ይጋልባል። የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል ተባለ። የባዮሎጂው ልጅ መልስ 24 ላይ፣ የልብን ጆሮ ሳይሆን የነርቭን አፍ የሚዘጋ መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ብሬቲሊየም የሚባለው ነርቩ ጫፍ ውስጥ ገብቶ፣ መጀመሪያ ያለውን ኖርአድሬናሊን ያስወጣል፣ ከዚያ መልቀቂያውን ይዘጋል። ነርቭን ዝም የሚያሰኝ ካለ እሱ ነው። የእናቴ ግን ያ አይደለም።

መልስ 25 ሁላችንንም ገሠጸ። ሐኪም ሳትሆኑ ሐኪም ሆናችኋል አለ። ቁጣው ይገባኛል። ግን እዚህ ማንም ለማንም መድኃኒት አላዘዘም። የታዘዘልን ለምን እንደታዘዘ ነው የጠየቅነው።

መልስ 26 የእኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤት ካለች ነርስ ማዳመጫ ተውሼ፣ እናቴን አልጋዋ ላይ አስተኝቼ ቆጠርኩ። እሷ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ደቂቃው ሲሞላ ጣቷን ታነሳልኝ ነበር። ደረቷ ላይ 88፣ አንጓዋ ላይ 79። መልስ 6 የጻፈው ሰው ልክ ነበር፣ ይህንንም በስሙ ጻፍኩለት። ማታውን በግል መልእክት አመሰገነኝ። ቁጥሩን ለሐኪሟ እንዳሳይ፣ ያ ቁጥር ግን ተኝታ የተገኘ ስለሆነ ሐኪሟ ካልከለከሏት ጥቂት ተራምዳ ስትመለስም እንድቆጥር ነገረኝ። ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው። ሁለቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ከኪኒን ፓኬቷ ጋር አስሬዋለሁ።